ደሜን ፈልገው ጠሩኝ

ሌሎች ስደተኞች ታሪካቸውን ሲያወሩ ከሌሊቱ ነው የሚጀምሩት፤ ጨረቃ ነበረች፣ ውሻ ጮኸ፣ እናቴ አለቀሰች እያሉ። እኔ በሌሊት አልወጣሁም። ዘንድሮ በእኛ መንገድ በሌሊት የሚሄድ ሰው የለም፣ በቀንም ቢሆን ሾፌሩ ወደፊት እየደወለ «ክፍት ነው?» እያለ ነው የሚነዳው። የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከወረታ መገንጠያው፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያይበት፣ ባጃጁና የጭነት መኪናው ተጋፍቶ ሰው መቆሚያ ከሚያጣበት። ከሩዝ ወፍጮው የሚወጣው ብናኝ ነጠላዬ ላይ ተነስንሶ ነበር፤ ሳላራግፈው ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሸኚዎቼ በመስኮቱ እያጎነበሱ «ደምሽን ልትሰጪ ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ይሉኛል። እውነት ነው እላለሁ። ሰው ዲግሪ ይዞ ይሰደዳል፣ ጉልበት ይዞ ይሰደዳል፤ እኔ በስድሳ ስምንት ዓመቴ የክንዴን ደም ሥር ይዤ ተሰደድኩ።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። «እንጉዳይ ያልወለደችውን ወለድኩ ብላ ጀርመኖቹን አታልላ ገባች» የሚል ወሬ ወረታ ደርሷል፣ ሐሙሲትና አዲስ ዘመን ገበያም ተሰምቷል ብለውኛል። ማን እንዳደረሰው አውቃለሁ፣ ስሙን ግን አልጠራም። እናንተ እንደምታውቁኝ ቁጣ አይሆንልኝም፤ ስቆጣ ድምፄ ይቀጥናል እንጂ አይወፍርም፣ በሬዎቻችን እንኳ ስጮህባቸው ቆመው ያዩኝ ነበር። በጽሑፍ ግን ማንም አያቋርጠኝምና እስቲ ልሞክረው። ትምህርት ቤት ደጁን እንጂ ውስጡን አላየሁም። ፊደል ያስቆጠረኝ ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረው፣ የቄስ ትምህርት ቀምሶ ነበር። ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ባሕር ሲሆንና መውጫ ስናጣ፣ ከምድጃ አመድ አውጥቶ መሬት ላይ አስጥቶ በጣቱ እየጻፈ አስተማረኝ። ስለዚህ ስሕተት ብታገኙ አመዱን ውቀሱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ዳኛቸው ከሚስቱ ከስመኝ ጋር በመተማ ወጥቶ ሱዳን ገባ፣ ከሱዳን ሊቢያ። ሊቢያ ላይ ታመመና ሞተ። አሸዋ ውስጥ ቀበሩት። ስመኝ ያን ጊዜ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ያንን ሆድ ይዛ ባሕሩን ተሻግራ፣ ስንት ነገር አልፋ ጀርመን ደረሰች፤ እዚያ ትርሲትን ወለደች። ትርሲት አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ጉበቷ የማይሆን ጨው ያመርታል፤ ጨዉ ኩላሊቷ ላይ ጠጠር እየሆነ ይጋገራል። ሽንቷን በሸናች ቁጥር ታለቅስ ነበር። ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ ደሟም አንሷል፣ ከንፈሯ እንደ ኑግ ፋጉሎ ያለ አመድማ ነው። አንድ አዲስ መድኃኒት አለ፣ ገና በሙከራ ላይ ያለ፣ ሊያድናት ይችላል፤ ግን ከመርፌው በፊት ከአባቷ ወገን ደም ያስፈልጋል አሏት ስመኝን። አባቷ ሞቷል። አባቱም ሞቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ስመኝ ደውላ «እማየ፣ ደምዎን ይፈልጋሉ» አለችኝ። ወይፈኔን ሸጬ ፓስፖርት አወጣሁ።

አዲስ አበባ ኤምባሲው ውስጥ በመስታወት ጀርባ የተቀመጠ ወጣት ነበር፣ የእኛው አገር ልጅ፣ ከጎኑ አንድ ፈረንጅ ተቀምጦ እየተቀበለ ይጽፋል። ዳኛቸውን የት ሆስፒታል ወለዱት ይለኛል። እንኳን እሱ እኔም የጤና ጣቢያ ጣራ ሥር አልተወለድኩም አልኩት። የልደት የምስክር ወረቀት አለ ይለኛል። የሞቱን የለቅሶ ድንኳን የተከራየሁበት ወረቀት አለ፣ እሱ ይሆናል አልኩት። ፈረንጁ አንድ ነገር አለው፣ ልጁ እያፈረ ተረጎመው።

«እናቱ መሆንዎን በምን ያረጋግጣሉ?»

«ያጠባሁት ጡት ይኸው አብሮኝ መጥቷል» አልኩት። «ላሳያችሁ?»

ፈረንጁ ሳይተረጎምለት ገባውና ማኅተሙን መታ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና እስከ ዛሬ ለእናንተ ያልነገርኩትን ልናገር። ዳኛቸውን አጠባሁት እንጂ አልወለድኩትም። የመጀመሪያ ልጄ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞተብኝ፣ ጡቴ በወተት ተወጥሮ ነበር። በዚያው ወር ከርብ ማዶ ደብሬ የምትባል ሴት ባሏን ቀብራ የአርባ ቀን ልጅ አቅፋ ቀረች፤ መሬቷን ጎርፍ ወስዶት፣ እሷም ወተቷ ደርቆ። ሽማግሌዎች ገቡ። ጡቴ ላይ ማር ቀቡት፣ ልጁን አስያዙኝ፣ ሳበው። ቄሱም ገዘቱን፦ ከዛሬ ጀምሮ የወለደችው ልጄ ብላ እንዳትጠራው፣ ያጠባችውም አልወለድኩትም ብላ እንዳትክደው። ደብሬ መስቀሉን ሳመች፣ እኔም ሳምኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሙሉ ገበያ እንገናኛለን። እኔ ሽንኩርት እሸጣለሁ፣ እሷ በርበሬ ትሸጣለች። ልጁ ሲያድግ በፊቷ ያልፋል። ቀና ብላ አታየውም።

ታዲያ ኤምባሲው ላይ ዋሸሁ? አልዋሸሁም። እኛ ዘንድ የጡት ልጅ ልጅ ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደም ሲሉኝ አልፈራሁም። ሁለት ዓመት ተኩል የጠባው ወተት ከኔ ደም ተቀድቶ የገባ ነው፣ ሥጋውም አጥንቱም ከዚያ የተሠራ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ፈረንጆቹ መርፌ ሲሰኩብኝ ዳኛቸውን እዚያ ውስጥ የሚያገኙት መስሎኝ ነበር።

መንገድ አልፈራም እኔ። ዋንዛዬ ፍል ውኃ ለጉልበቴ ስንት ጊዜ በእግሬ ሄጃለሁ፣ ጣራ ገዳምን ተሳልሜያለሁ፣ ደብረ ታቦር ድረስ ሽንኩርት አሸክሜ ወጥቻለሁ፤ ቤቴ ካለሁበት ጊዜ መንገድ ላይ ያለሁበት ይበልጣል። አውሮፕላኑም ከወረታ ሚኒባስ የተለየ አይደለም፣ ወንበሩ ይጠባል፣ ሾፌሩን አታይም። የጀርመን ብርድ ግን ሌላ ነው። የእኛ ብርድ ጠዋት መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። የእነሱ ቤት ተከራይቶ ይኖራል።

ስመኝ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ባለቤቲቱ አንደኛው ላይ። ስሟ አልያዝልኝ ብሎ ፍራው ነው የምላት፣ ወይዘሮ ማለት ነው። የፍራው ሃይማኖት ሩሄ ይባላል። ሩሄ ማለት ዝምታ ነው። ከቀኑ በዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ሩሄ፣ ማታ ሩሄ፣ እሑድ ሙሉ ቀን ሩሄ፤ በሩ ላይ በወረቀት ተለጥፏል። በሩሄ ሰዓት ልብስ ማጠብ የለም፣ ሚስማር መምታት የለም። እኔ ሚስማሩን ምን አደርገዋለሁ። በኅዳር ጽዮን ቀን ግን ረሳሁና እልል አልኩ፣ አንዴ፣ አጭር። ፍራው በጫማዋ እየተንደረደረች መጣች። ስመኝ መሐላችን ቆማ ታስተረጉማለች።

«ማን ሞተ ትላለች» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም፣ የማርያም በዓል ነው በያት።»

«ማርያምን ዝቅ ባለ ድምፅ ማክበር አይቻልም ወይ ትላለች።»

ትርሲት ግን ሳቀች፣ ኩላሊቷን ይዛ እየሳቀች «ኦማ፣ ድገሚው» አለችኝ። ኦማ ማለት አያት ነው። አልደገምኩትም።

ምግባቸውን ባወራው ምቀኛ ትሉኛላችሁ። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፣ እናንተ ሩዝ አብቃዮቹ እንድትፈርዱ። ሩዙን ወንፊት በምትመስል ላስቲክ ከረጢት አሽገው ይሸጡታል፤ እነሱም ከነከረጢቱ ይቀቅሉታል። ከነከረጢቱ። ስመኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀቅል አይቼ አእምሮዋን የሳተች መስሎኝ ነበር። መደርደሪያው ላይ የሕንድ አለ፣ የጣሊያን አለ፣ ስሙን የማላውቀው አገር አለ። የፎገራ የለም። ለምን የለም ብዬ ባለሱቁን አስጠየቅኩት፤ እንደዚያ የሚባል ሩዝ የለም አለ። እግሬ ጭቃው ውስጥ ያረጀበትን ሩዝ የለም አለኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሊና የምትባል ልጅ ተቀበለችን። ሐኪም አይደለችም፣ መርፌ አትይዝም፣ ኮምፒውተር ላይ ነው የምትውለው። ፀጉሯ እንደ ገብስ ነዶ ነው፣ ጥፍሯን ትበላለች፣ እኔን ስታናግር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በጀርመንኛ ቀስ ትላለች፣ ቀስ ካለች የሚገባኝ ይመስል። ስመኝ እየተረጎመች ያስረዳችኝን እኔ እንደገባኝ ላስረዳችሁ።

የሰው ገላ ውስጥ ጽሕፈት አለ። በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ ነው። አራት ብቻ? እኛ እንኳ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ አለን አልኳት፤ አራቱ ይበቃል አለች። ከዚያ ጽሕፈት እየተቀዳ ትእዛዝ ይወጣል፣ ይህን ሥራ፣ ያን ሥራ የሚል። የትርሲት ጉበት ውስጥ አንዱ ትእዛዝ ነው ጨውን የሚያበዛው። መድኃኒቱ ደግሞ ራሱ አጭር ጽሕፈት ነው፣ ሃያ ፊደል ያህል፤ ጉበት ውስጥ ገብቶ ከፊደሉ ጋር የሚገጥመውን ትእዛዝ ፈልጎ አፉን ያዘጋዋል። ትእዛዙ ዝም ሲል ጨዉ ይቀራል፣ ጨዉ ሲቀር ጠጠሩ ይቀራል። ፍራው ጉበት ውስጥ ገባች በሉት።

ችግሩ ይህ አጭር ጽሕፈት ዐይኑ ደካማ መሆኑ ነው። ሁሉንም ፊደል አያይም። ከመነሻው ሰባት ያህል ፊደል ከገጠመለት፣ የሌላውንም ንጹሕ ትእዛዝ አፍ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ መርፌው ሳይወጋ ኮምፒውተሩ የሰውን ጽሕፈት ሁሉ ያነባል፣ መድኃኒቱ የት የት ሊሳሳት እንደሚችል ይፈልጋል፣ ለእያንዳንዱ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ነጥብ ይሰጠዋል። የሊና ሥራ ይኸ ነው።

«እኛም ሁለት ሰው ከማጋባታችን በፊት እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን» አልኳት። «አንዱ ጋ ከገጠመ ይቀራል።»

ሊና ጻፈችው። እውነቴን ነው፣ በእስክሪብቶ ጻፈችው። ያን ጊዜ ወደድኳት።

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ለትርሲት መድኃኒቱን ደኅና ነው ብሎት ነበር። የሚያስፈራ ቦታ የለም ብሎ። ደግ። ግን ያነበበው የማንን ጽሕፈት ነው? የራሳቸውን ሰዎች። የሰው ጽሕፈት ተሰብስቦ የተቀመጠበት ትልቅ መዝገብ አላቸው፣ ከዚያ ነው የሚያነበው፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ የእኛ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሊና ማንም ሳያዛት የትርሲትን የራሷን ጽሕፈት አስገብታ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነበበችው። ቀይ መጣ። ትርሲት ላይ አንዲት ፊደል ተለይታ ተገኘች፣ ደም የሚያረጋውን ነገር የሚያሠራው ትእዛዝ ላይ። በዚያች ፊደል ምክንያት ሰባቱ ይገጥማል። መድኃኒቱ ያንንም ትእዛዝ ዝም ካሰኘው ልጅቷ ትደማለች፣ ደሙም አይቆምም። ላይሆንም ይችላል፤ ኮምፒውተር ምናልባት ነው እንጂ የሚለው፣ እርግጥ አይልም። እርግጡን ለማወቅ ያችን ፊደል የያዘ ሕያው ደም በብዛት ወስደው፣ ዕቃ ላይ አሳድገው መድኃኒቱን መሞከር አለባቸው። ከትርሲት በብዛት መውሰድ አይቻልም፣ ራሷ የምትኖረው በተሰጣት ደም ነው። ስመኝ ላይ ፊደሏ የለችም። ስለዚህ ከአባትየው መጥታለች። ስለዚህ እኔ።

የሙከራው አለቃ ፕሮፌሰር ነው፣ ረጅም፣ ሰዓቱን የሚያይ። መዝገቡ ከፋሲካቸው በፊት ይዘጋል አለ፤ እስከዚያ ካልተጣራ ልጅቷ ከሙከራው ትወጣለች፣ ከወጣች ደግሞ ኩላሊቷ እስኪቆም መጠበቅ ነው። ለምን መጀመሪያውኑ የእሷን ጽሕፈት አላነበባችሁም ብዬ አስጠየቅኩት። ስመኝ ፈርታ ነበር፣ ግን ጠየቀችልኝ።

«ስለ እናንተ ሕዝብ በቂ መረጃ የለንም» አለ።

አሁን እዚህ ላይ ልናደድ። የለንም? ቀበሌ ይቆጥረናል። ማዳበሪያ የሚያድለው ይቆጥረናል፣ ግብር የሚሰበስበው ይቆጥረናል፣ ወጣቱን ለጦርነት የሚፈልገው ከዚህም ከዚያም ወገን ቤት ለቤት እየገባ ይቆጥረናል። የፎገራን ላም ስንት ፈረንጅ መጥቶ ደረቷን በሜትር ለክቶ፣ ጸጉሯን ነቅሎ፣ በጠርሙስ አድርጎ ሄዷል፤ በዐይኔ አይቻለሁ፣ ውኃ ያጠጣሁትም አለ። ላማችንን አንብባችኋል። እኛን ለማንበብ ጊዜ አጣችሁ? ይህንን ሁሉ አልኩ። ስመኝ ግን «እማየ አዝነዋል» ብላ ነው የተረጎመችው፣ ከፊቱ አየሁት፣ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ደሜን ወሰዱ። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በእነዚያ ሳምንታት ትርሲት ሁለቴ ሆስፒታል ተኛች። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ርብ እንዴት እንደሚሞላ፣ ሰው በታንኳ እንዴት ለቅሶ እንደሚሄድ አወራላት ነበር። «አባቴ ዋና ይችል ነበር?» አለችኝ አንድ ቀን። እንደ ዓሣ አልኳት።

ከዚያ ጠሩን። ጠረጴዛው ዙሪያ ፕሮፌሰሩ፣ ሊና፣ ስመኝና እኔ። ሊና ወረቀቱን ይዛለች፣ አታየኝም። ያችን ፊደል ብቻ ባጣት ችግር አልነበረም አለች፤ ፊደሏ ከባሌ መጥታ ሊሆን ይችላል። ግን አያት ለልጅ ልጇ ከጽሕፈቷ ሩብ ያህል ታወርሳለች፤ ከእኔ ወደ ትርሲት የሄደ አንድም ነገር አልተገኘም። ደግመው አይተውታል። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አየ፣ ስመኝን አየ፣ ቶሎ ቶሎ ተናገረ። ስመኝ አልተረጎመችም።

«ምን አለ?» አልኳት።

የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ታጥፋለች።

«ስመኝ፣ ምን አለ?»

ዐይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታነብ ሆና ተናገረች። «ደሙ ላብራቶሪ ውስጥ ከሌላ ሰው ደም ጋር አልተምታታም ይላል። ስለዚህ እኔ ትርሲትን የወለድኳት ከሌላ ሰው ነው ይላል። እናትየው አስባበት እውነቱን ብትነግረን ጊዜ እንቆጥባለን ይላል።»

ስድብን በተሰዳቢዋ አፍ ማስተርጎም በየት አገር ነው ያለው? ያች ልጅ ባሏን በእጇ አሸዋ ውስጥ የቀበረች ናት። ሱዳን ላይ፣ ሊቢያ ላይ ምን እንዳለፈች ለእኔ አንድም ቀን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም፤ ይህን ግን አውቃለሁ፣ ትርሲት የዳኛቸው ቅንድብ አላት፣ የዳኛቸው አረማመድ አላት። እኔ ዝም ካልኩ ያ ቃል በስመኝ ላይ ይቀራል። ወረታ ይሄዳል፣ እናቷ ቤት ይገባል። ግዝቱን የሰጠን ቄስ ከሞተ ቆይቷል፤ መስቀሉ ግን ከንፈሬ ላይ አለ።

«ቀና በይ» አልኳት። «ዳኛቸውን አልወለድኩትም። ደብሬ ናት የወለደችው፣ ከርብ ማዶ ያለችው፣ በርበሬ ሻጯ። እኔ አጥብቼዋለሁ። ንገሪው።»

አልነገረችውም። ወደ እኔ ዞረች።

«እሱ ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አንድም ቀን አልጠየቀኝም» አልኳት። ከዚያ በኋላ ነው የተረጎመችው፣ እጄን ይዛ።

ፕሮፌሰሩ ለስመኝ ይቅርታ አላላትም፣ ይህን ያዙልኝ። ወደ ወረቀቱ ተመለሰና እንዲህ ከሆነ ቀላሉ ልጅቷን ከመዝገቡ ማውጣት ነው አለ። ቀላል! ሊና ግን ጥፍሯን ከአፏ አወጣችና የወለደችው ሴት በሕይወት አለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለች አልኳት። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው አለች፤ ፊደሏ ከእሷ ወይም ከሞተው ባሏ ናት። ምራቅ የሚተፋበት አንዲት ጠርሙስ ብትላክ ይታወቃል፤ ፊደሏ ካለቻት ደሟን ለመስጠት መምጣት አለባት። እንደኔ። ኤምባሲ፣ መስታወት፣ ፓስፖርት። በርበሬ ሻጭ፣ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ መንገድ በሚዘጋበት አገር። ሊና ያን ቀን ፕሮፌሰሩ ፊት ቆማ ተሟገተች፤ መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ የትርሲት ስም ይቆይ አስባለች።

የእኔ የመቆያ ፈቃድ ደግሞ ሊያልቅ ስለነበር የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ሄድን። አውስሌንደርቤሆርደ ይባላል፣ ስሙን ለመጨረስ ምሳ በልቶ መሄድ ያስፈልጋል። ቅጹ ላይ ከልጅቷ ጋር ያለሽ ዝምድና ይላል። አንዴ ከአፌ የወጣውን መልሼ አልውጠውም ብዬ እንደሆነው አስጻፍኩ። ሴትዮዋ አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

«ስለዚህ አያቷ አይደሉም።»

«ነኝ።»

«የጉዲፈቻ የፍርድ ቤት ወረቀት አለ?»

«አንድ ቄስና አምስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ከስድስቱ አራቱ ሞተዋል።»

«የቀሩት ሁለቱ ኢሜይል አላቸው?»

ስመኝ ሳቋን አልቻለችም። ጀርመን ከመጣሁ ወዲህ የማስታውሰው የስመኝ ሳቅ ያ ነው። ሴትዮዋ ቅር ብሏት በኮምፒውተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፤ ከሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፣ ጉዳዬ እየታየ ነው ይላል። እስካሁን እየታየ ነው። እዚያ ቢሮ ወረፋ ላይ የእኛ አገር ሰው ነበር፣ ጆሮ ነበረው። ወሬው ወረታ የደረሰው በእሱ ነው። ይኸው አሁን ሙሉውን ሰማችሁ፣ የጎደለውን አትጨምሩበት።

በማን ልናደድ? በመዝገቡ ተናድጃለሁ፣ በፕሮፌሰሩ ተናድጃለሁ። ግን ደብሬን ሳስብ ቁጣው ወደ ራሴ ይዞራል። ዳኛቸው የሞተ ጊዜ እኔ ቤት ለቅሶ ተቀመጥን። ደብሬም መጣች፣ እንደ ማንኛዋም ጎረቤት፣ ቡና ቁርስ የያዘ መሶብ ይዛ። በሩ አጠገብ፣ ከሩቅ ዘመድም ከሩቅ ጎረቤትም ኋላ ተቀመጠች። እኔ መካከል ላይ ሆኜ ሰው ደግፎኝ ደረቴን እመታለሁ። አየኋት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎርሳ ነበር፣ ድምፅ እንዳይወጣት። ነይ ወዲህ ብላት ምን ነበረበት? አላልኳትም። ግዝት ነው ብዬ። እሱን ለእኔ ለማድረግ የታሰበ ዝምታ እሷን ለቅሶዋን ከለከላት፤ አሁን ደግሞ ስምንት ዓመት ዘልቆ የትርሲትን መርፌ ያዘው። ይህን የሚቆጥር ኮምፒውተር አልነበረንም። እኔ ግን ነበርኩ፣ ዐይን ነበረኝ።

ቁጥሯን ከገበያ ጓደኛዬ አገኘሁ። ማክሰኞ ጠዋት ነው የደወልኩት፣ ስመኝ አጠገቤ፣ ትርሲት ሶፋው ላይ ተኝታ። ስድስት ጊዜ አልገባም አለ። በሰባተኛው ገባ።

«ማን ልበል?» አለች።

«እንጉዳይ ነኝ።»

«እንጉዳይ ከጀርመን? ምነው፣ ደኅና አይደለሽም?»

ኑሮዋን ጠየቅኳት፣ ጤፉን፣ ውኃውን፣ መንገዱን። መንገዱ ከሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው አለችኝ። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«ደብሬ» አልኳት፣ «ልጅሽ...»

ይህን ቃል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ለእሷ የጠራሁት። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ላይ የሚሰማው ዶሮ ብቻ ነበር። የተቆረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ» አለች። «ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። ልጅሽ ሴት ልጅ ትቷል፣ ታማለች፣ እኔ አልሆንኳትም፣ ያንቺ ነው የሚያስፈልጋት አልኳት። ምራቁን፣ ጠርሙሱን፣ ኤምባሲውን፣ ግማሽ በግማሽ መሆኑን አልሸሸግኳትም። ግዝቱ በእኔ ነው፣ አንቺ ላይ የለም አልኳት። እሺ አላለችኝም። እምቢም አላለችኝም። መንገዱን ማን ይከፍትልኛል አላለችም፣ ለቅሶውን አላነሳችብኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ስሟ ማነው?»

«ትርሲት» አልኳት።

«ድገሚው እስቲ፣ አልሰማሁም።»

ሰምታለች። ደገምኩላት። «እ?» አለች። ኔትወርኩ እስኪቆረጥ ድረስ ደጋገምኩላት።